ሁለቴ ቸብ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ከዳር በኩል የምትሾልከዋን ብርሃን በካልሲ ወትፌያለሁ፣ ቀን ግን ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ደረጃውን እየረገጠ ወደ ሥራው ሲወርድ እኔ ተጋድሜ የጣሪያውን ስንጥቅ አያለሁ፣ ስድስት ዓመት የማታ ተረኛ ሆኜ ቀን መተኛት ለምጄ ነበር፣ ዛሬ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሙሽራው ይመጣብኛል፣ ሁለት ረጃጅም ክንዶቹን ዘርግቶ አንሶላ ያጥፋል። ሙሽራው ሰው አይደለም። አንሶላ የሚያጥፍ ሮቦት ነው፣ ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ናቸው፣ በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ ሥራ ቦታችን ሲገባ አለቆቹ በሙሉ ተነስተው በር ድረስ ስለተቀበሉት «እኛ ስንገባ ማን ተነሳልን፣ ሙሽራው መጣ፣ እልል በሉ እንጂ» አሉ፣ ሙሽራው ተብሎ ቀረ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። እትዬን ሊያባርሯቸው ነው። እሳቸውን የምታባርራቸው ደግሞ ተቆጣጣሪዋ አይደለችም፣ ሙሽራውም አይደለም፣ የእኔ ምላስ ናት። ይህን እያወቅኩ እንዴት አድርጌ ልተኛ።

ሥራችን ከአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ነው። ላይ የታመመው፣ የወለደችው፣ የሞተው የተኛበት አንሶላ ሁሉ እኛ ዘንድ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እኛ እናጥፈዋለን። አራት ሴቶች ነበርን። እኔን ያስገቡኝ እትዬ ናቸው፣ ከአገሬ በመጣሁ በሳምንቴ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ካርታ ገልብጬ ይዤ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ የጠፋው መንገዱ ነው ወይስ አንቺ?» ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ፣ እኔም መልስ እንደመስጠት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ወሰዱኝ፣ የራሳቸውን ጫማ ሰጡኝ፣ በአንድ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር፣ በወረቀት ሞልቼ አደረግኩት። እትዬ ስማቸው አይደለም፣ እኔ ስጠራቸው የሰማ ሁሉ ስማቸው መስሎት እትዬ አላቸው፣ ተቆጣጣሪዋ ጭምር። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸው ደረጃ ሲያዩ ያማቸዋል፣ ለጡረታ ሰባት ወር ነው የቀራቸው። በጥፋት ከተባረሩ ግን ያ ሁሉ ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ደግሞ «ጥፋተኛ» የሚል ወረቀት የያዘችን ሴት ማን ይቀጥራል፣ እኔ አሠሪ ብሆን እኔ ራሴ እቀጥራለሁ? አልቀጥርም።

እንግዲህ ሙሽራው የመጣ ሰሞን ማጠፍ አያውቅም ነበር። ያንን ሁሉ ክንድ ይዞ አንዲት አንሶላ ታሸንፈው ነበር፣ እየጨበጠ ያንከባልላታል፣ እኛ እንስቃለን፣ ሁለቱ ሌሎች ሴቶች እንደውም ሥራ አቁመው ነው የሚያዩት። ከዚያ ቀጭኑ መጣ፣ መሐንዲሱ ነው፣ እትዬ «ይሄን ልጅ የሚያበላው የለም እንዴ» ያሉት፣ ከአራታችሁ ማን ነው ጥሩ የሚያጥፍ ብሎ ጠየቀ፣ ሦስቱም ጣታቸውን ወደ እኔ። ኮራሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፣ እዚህ አገር ሰው «አንቺ ታውቂያለሽ» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽቦ የተሰፋበት ጓንት አጠለቀልኝ፣ ግንባሬ ላይ ካሜራ አሰረልኝ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳጥፍ እጄን ተመለከቱ። የሚያመጡልኝ አንሶላ ደግሞ የተመረጠ ነው፣ እድፍ የሌለው፣ ያልተቀደደ፣ ጠርዙ ድረስ ክው ብሎ የደረቀ፣ ትምህርቱ እንዳይበላሽ ነው አሉ። እትዬ ጠዋት ጠዋት «የኔታ፣ ተማሪዎ ዛሬ ፊደል ቆጠረ?» ይሉኛል። ሲያበቃ «አሠልጣኝ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ፣ ፎቶ አነሳሁትና ለእማዬ ላክሁላት።

እማዬ ግን ልብስ እንደማጥፍ አታውቅም። እሷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ፣ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቆ ቅባት አይጠግብም ነበር፣ አንድ ቀን ላግዛት ገንዳው ውስጥ እጄን ስከት ቸብ አድርጋ አወጣችኝና «ያንቺ እጅ እዚህ አይገባም» አለች፣ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው። ታዲያ እዚህ መጥቼ ያገኘሁት ያንኑ ሲሆን ምን ልበላት? «ሐኪም ቤት ገባሁ» አልኳት። ምድር ቤቱም እኮ ሐኪም ቤቱ ነው። የቀረውን ራሷ ሞላችው፣ ነጭ አለበሰችኝ፣ አንገቴ ላይ ማዳመጫ አንጠለጠለችብኝ፣ ወረቀቱን የጎረቤት ልጅ ስታነብላት ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የሐኪም ቤት ማሽን ታስተምራለች» አለች። በደወልኩ ቁጥር «ተማሪሽ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ እኔ «ጎበዝ ነው» እላለሁ፣ የምሠራውን ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ስድስት ዓመት።

አሁን ወደ ምላሴ ልምጣ። እኔ አንሶላ አጥፌ ስጨርስ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደርጋለሁ፣ በመዳፌ፣ መጀመሪያ ወፍራሙን ጠርዝ፣ ቀጥሎ መሐሉን። እማዬ እንዲህ ታደርግ ነበር። መቼ ከእሷ እንደወሰድኩት አላውቅም፣ ሳደርገውም አይታወቀኝም። ሙሽራው ከእኔ ሁሉን ሲወስድ ይሄንንም ወስዷል ለካ፣ አንድ ቀን ተነስቶ አንሶላ አጠፈና ቸብ ቸብ አደረገ። ያ ትልቅ የብረት መዳፍ፣ የእናቴን ነገር። ሁላችንም ሳቅን። ቀጭኑ ስልኩን አወጣ፣ በስልኩ ነው የምንነጋገረው፣ እሱ በእሱ ቋንቋ ያወራል፣ ስልኩ በአማርኛ ይነግረኛል፣ አንተ ነው የሚለኝ፣ እስካሁንም ወንድ አድርጎኛል። «ይህን ሁለት ጊዜ መታ የምታደርገው ለምን ጥቅም ነው?» አለኝ። አፈርኩ። ሁሉም ያዩኛል፣ የልጅነት ነገር ሲሠራ የተያዘ ሰው ሆንኩ፣ የእናቴን ገንዳ ያየብኝ መሰለኝ። «ኧረ ምንም አይደለም፣ ልማድ ነው» አልኩ። ሰው ሲያደንቅሽም ምንም አይደለም፣ እግርሽን ሲረግጥሽም ምንም አይደለም፣ እንዲያው አፌ ላይ ያለ ነገር ነው። ቀጭኑ ግን ጻፈው። በማግስቱ ሙሽራው ቸብ ማድረግ ትቷል። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

በአንሶላ ሁለት ሰከንድ ተረፈ። ሁለት ሰከንድ ምን አላት ትያለሽ፣ ነገር ግን ማታውን በሙሉ ሲደማመር ሙሽራው ከጠረጴዛችን ቀደመ፣ በወሩ ሁለቱ ሴቶች ተሸኙ፣ አንዷ ስትወጣ ጓንቷን አጥፋ ቸብ ቸብ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ለቀልድ ነው፣ እሷም አልሳቀች እኔም አልሳቅኩ። እኔ ትልልቁንና የተቀደደውን እንዳጥፍ ቀረሁ፣ እትዬን ደግሞ ሙሽራው ጫፍ ላይ አቆሟቸው፣ ሥራቸው እሱ ያጠፈውን ክምር አይቶ ስክሪኑ ላይ «ደህና ነው» የሚለውን አረንጓዴ መንካት ነው። ክምሩ ፋታ አይሰጥም፣ አንዱን ሳያነሱ ሌላው ይመጣል፣ አሥር ሳይቆጥሩ ካልነኩት ይጮህባቸዋል፣ ስለዚህ ይነካሉ፣ ይነካሉ፣ ይነካሉ። «የእሱ ፊርማ ሆንኩኮ» ይሉኛል። ማክሰኞ ዕለት ከላይ ሁለት ጋሪ አንሶላ ተመለሰ፣ ሻግቷል፣ በቁስለኛ ሥር ሊነጠፍ ሲል ነው ነርሷ ያሸተተችው። መዝገቡ ተከፈተ። ያጠፈው ማሽኑ፣ ያረጋገጡት እትዬ። ማሽን አይጠየቅማ።

የተመለሰውን ክምር ሳነሳ እጄ ራሱ ሄዶ ወፍራሙን ጠርዝ ቸብ አደረገው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ያ ቅዝቃዜ ከክንዴ አልፎ ልቤ ገባ። ለካ እኔ ማታ ማታ አንድ አንዱን አንሶላ ወደ ግራ ቅርጫት፣ እንደገና ወደሚደርቀው፣ የምወረውረው፣ ለምን ብትሉኝ የማልመልሰው፣ ማድረቂያው ጠርዙን ስለማይጨርሰው ነው፣ በስልጠናው ጊዜ ደግሞ አንዲት እርጥብ አንሶላ አላመጡልኝም፣ ሙሽራው ወደ ግራ ስወረውር አይቶ አያውቅም። ዛሬ ማለዳ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ለእትዬ ነገርኳቸው። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፣ ቀና አላሉም። «ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አሉ። «አልተናገርኩም።» «እንግዲያው ዋጪው። የቀረችሽ ያቺ ብልሃት ብቻ ናት። እሷን ከሰጠሻቸው ምን ብለው ያቆዩሻል? አሁን ግን እሱ እርጥቡን መለየት ካቃተው የሰው እጅ ይፈልጋሉ፣ ያ እጅ አንቺ ነሽ። እኔ ከሰባት ወር በኋላ ሟች ነኝ።» «ጡረተኛ ማለትዎ ነው።» «ያው ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ቦርሳቸውን አነሱ፣ «ለዘጠኝ ሰዓቱ ነጠላዬን ነው የምለብሰው፣ ቢያባርሩኝም አምሮብኝ ይሁን» ብለውኝ ሄዱ። አንጀቴን በሉት። ይኸው እኔ ተኝቻለሁ፣ ተኝቻለሁ እላለሁ እንጂ።

ደግሞ ራሴን እጠራጠራለሁ፣ ልማድም ቢሆንስ፣ ቅዝቃዜውን ፈርቼ ያመጣሁት ቢሆንስ፣ ሰው ፊት ቆሜ እናቴ ስታደርገው ስላየሁ ነው ልል ነው? ደወልኩ። አራተኛው ላይ ነው ያነሳችው። «ምነው በሰላም ነው፣ በዚህ ሰዓት አትተኚም እንዴ?» «ሰላም ነው እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ። ያኔ ልብስ አጥፈሽ ስትጨርሺ ቸብ ቸብ ታደርጊ የነበረው ለምንድን ነው?» «እርጥብ እንደሆነ ለማወቅ ነዋ። ጠርዝ ተንኮለኛ ነው፣ የደረቀ ይመስላል፣ በጣት አይታወቅም፣ በመዳፍ ነው። ያልደረቀ ልብስ አጥፎ ለሰው መስጠት ነውር ነው።» «ሁለተኛዋስ?» «የቷ ሁለተኛ?» «ሁለቴ ነበር እኮ ቸብ የምታደርጊው፣ ጠርዙንና መሐሉን።» «እ፣ እሷማ የእኔ ናት። አለቀ ለማለት ነው። አንዱ አለቀ፣ ወደ ሌላው። ሌላ ማን አለቀ ይለኛል?» ልስቅ ስል ድምፅዋ ወረደ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ለምን አስፈለገሽ?» አለች፣ መልሴን ሳትጠብቅ። «እጅሽ ልብስ ላይ ነው?» «አዎ እማዬ።» «ስንት ጊዜሽ ነው?» «ከመጣሁ ጀምሮ።» ትንፋሽዋ ይሰማኛል፣ ከኋላዋ የሆነ ሰው በር ሲዘጋ፣ ልጅ ሲያለቅስ። አሁን ታለቅሳለች አልኩ፣ አሁን ትረግመኛለች፣ ሰፈሩን ሁሉ ምን ልትለው ነው። «ታዲያ በደንብ ታጥፊያለሽ?» አለችኝ። «በደንብ አጥፋለሁ።» «እሱስ ይሁን። ለሰው እርጥብ እንዳትሰጪ።» ራቴን እንድበላ ነገረችኝና ዘጋች፣ እዚህ ገና ረፋድ ነው፣ የእኔን ሰዓት መቼም አታውቀውም።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ክራባት ያደረገ ሰው አለ፣ ከሠራተኛ አስተዳደር ነው፣ ተቆጣጣሪዋ አለች፣ ቀጭኑ አለ፣ እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ተጋድሟል። እኔን ማንም አልጠራኝም። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። እትዬ ዓይናቸውን አፍጥጠው በአማርኛ «ውጪ፣ ጉድሽን ይዘሽ ውጪ» አሉኝ፣ ስልኩ ወዲያው ተረጎመው፣ ሦስቱም አፈጠጡብን። «ያን ቀን ምንም አይደለም ያልኩት ስህተት ነው» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ ስልኩ እንዳይስት። እጄ የሚያደርገውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ጠርዙን፣ ቅዝቃዜውን፣ የግራውን ቅርጫት። ክራባቱ ማስረጃ አለ ወይ አለ። አሥር አንሶላ ከሙሽራው ክምር አምጡልኝ አልኩ፣ አረንጓዴ የተነካለትን። አመጡ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ጫንኩ፣ ቸብ፣ ደረቅ፣ ቸብ፣ ደረቅ፣ ቸብ፣ ይቺ። ሦስቱን ለየሁ። ተቆጣጣሪዋ ጠርዛቸውን በጥፍሯ ከፍታ ጉንጯ ላይ አደረገችና ለክራባቱ አቀበለች። ቀጭኑ ነው የተናገረው፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «ደረቅ ደረቁን መርጬ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ሰው በዚያ ፍጥነት ሊያረጋግጥ አይችልም» አለ ስልኩ። ለክራባቱም ያንኑ ደገመለት። እንደዚያ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ ቀጭን ብለን ስንስቅበት ኖረናል።

እትዬ ተረፉ። ወረቀታቸው ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ሰባቱን ወር ሙሽራው ጫፍ ተቀምጠው፣ አዎ ተቀምጠው፣ ወንበር ተሰጣቸው፣ ይጨርሳሉ። እኔን ደግሞ ተቆጣጣሪዋ ብቻዬን ጠርታ፣ እሷም እያፈረች፣ ማሽኑ ይሄን ከተማረ ጠረጴዛው ይዘጋል አለችኝ፣ ለሁለት ሳምንት አስተምሪና ትሸኚያለሽ። አውቀው ነበር። አውቄ ነው የገባሁት፣ ቢሆንም አውቶቡስ ውስጥ ሆድ ባሰኝ፣ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሸፈነልኝ። እትዬ ለሦስት ቀን አኮረፉኝ፣ በአራተኛው ቀን «ደንቆሮ ነሽ» ብለው አቀፉኝ፣ ከዚያ ለሚያውቁት ያገር ሰው ሁሉ ስልክ መደወል ጀመሩ፣ ሥራ ይፈልጉልኛል፣ አንድ ሆቴል ሰው ይፈልጋል ብለዋል፣ ይሆን አይሆን አላውቅም።

ጓንቱን እንደገና አጠለቅኩ። አሁን እርጥብ አንሶላም ያመጡልኛል፣ ለሙሽራውም መዳፉ ላይ እርጥበት የሚያውቅ ነገር ገጠሙለት። በመጨረሻው ቀን ቀጭኑ ስልኩን መሐላችን አስቀመጠ። «የመጀመሪያው መታ ገብቶኛል፣ ለእርጥበት ነው። ሁለተኛው ያስፈልጋል?» አንዲት ሰከንድ ናት። አየሁት። የፈለግኩትን ብናገር የሚጽፍ ሰው ነው። «ያስፈልጋል» አልኩ። «ለምን ጥቅም?» «ማለቁን ለማወቅ።» ትንሽ አየኝ፣ ያመነኝም ያላመነኝም አልመሰለኝም፣ ጻፈ። ማታውን ሙሽራው ያጥፋል፣ ጠርዙን ቸብ፣ መሐሉን ቸብ፣ አንዱን ወደ ግራ ወረወረው፣ ደግሞ ቸብ ቸብ። እትዬ፣ የእናቴ ልማድ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፣ ከወንበራቸው ሆነው ለረጅም ጊዜ ሰሙት። «አይ የኔታ» አሉኝ፣ «እናትሽን ሥራ አስገባሻቸው።»

ይኸው ብርድ ልብሱ መስኮቱ ላይ ነው፣ ካልሲውም አለ፣ ነገ የምሄድበት የለም፣ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከምድር ቤቱ ጀምሬ፣ አንድም ነጭ ልብስ ሳላለብስ። ሥራዬ ማለቁን ስትሰማ «ሌላ ይመጣል» አለች፣ ስለ ሙሽራው ግን ደጋግማ ጠየቀችኝ። «እውነት እንደኔ ነው የሚያደርገው?» «እንዳንቺ ነው።» «ሁለተኛዋንም?» «ሁለተኛዋንም።» «በማታ ስንት ያጥፋል?» «አራት ሺህ።» «አይደክመውም?» «አይደክመውም እማዬ፣ ማሽን ነው።»

«እኔ ግን ይደክመኝ ነበር» አለችኝ።

በዕድሜዬ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። እዚያ እሷ፣ እዚህ እኔ፣ ስልኩን ይዘን ብዙ ቆየን። ከዚያ «በይ አሁን ተኚ፣ አለቀ» አለችኝ፣ እኔም ተኛሁ።